ሃሽታግ ዋስ አይሆንም

ወገን፣ አንድ ልጃችን ሲታሰር ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶው በ5 ደቂቃ ውስጥ ገጹን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል። ፕሮፋይል ይቀየራል፣ "ይፈታ!" ይባላል፣ ላይቭ ይገባል። ጥሩ ነው፤ ዝም ከማለት በብዙ ይሻላል። ግን በሦስተኛው ቀን ያ ልጅ ችሎት ቀርቦ ዳኛዋ "በ10 ሺህ ብር ዋስ ይውጣ" ስትል ችሎቱ ደጃፍ ላይ ማን አለ? እናቱ፣ አንድ አጎቱ፣ ምናልባት አንድ የሰፈር ጓደኛ። ያ ሁሉ ላይክ ያደረገ፣ ያ ሁሉ ሼር ያደረገ ሰው የለም። የደመወዝ ዋስ የሚሆን ሰው ሲፈለግ፣ ብሩ ከዚህም ከዚያም ሲለቃቀም ዓርብ ከሰዓት ያልፋል። ዓርብ ካለፈ ደግሞ ሰኞ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ዋስትና እናውራ። ርእሱ ደረቅ ይመስላል፣ ገብቶናል። ግን "ይሄ የጠበቃ ጉዳይ ነው" ብሎ መተው አያዋጣም። ጠበቃ ይከራከራል፤ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ግን ወንድም፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ነው።

አያቶቻችን ይህን ከኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ሲቆሙ "ዋስ ጥራ" ይባላሉ። የሚጠራው ሰው ያጣ ከባላጋራው ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውላል ያድራል። ዛሬ "በዓይነ ቁራኛ" ስንል የምናነሳው ያንኑ ቃል ነው። ዋስ ያለው ግን ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ እርሻውን ያርሳል፣ በቀጠሮው ቀን ይቀርባል። ልብ በሉ፣ ያኔ ዋናው መያዣ ሰው ነበር። አንድ የተከበረ ሰው ተነስቶ "እኔ አለሁለት" ሲል ክብሩንም ሀብቱንም አብሮ ያስይዛል። ወገን አለኝ ማለት ትርጉሙ ይሄ ነበር።

ወደ ዛሬው እንምጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ያለን ጥያቄ የታወቀ ነው፣ እዚህ አንደግመውም። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ግን ልንይዘው የሚገባ ነገር ነው፤ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል። መነሻው መፈታት ነው። መከልከል የሚቻለው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የሚከለክለውም ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በቂ ማረጋገጫ እንዲቀርብ ሊያዝም ይችላል። ኮማንደር፣ የወረዳ አስተዳዳሪ፣ ካድሬ የሚባል ቃል እዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። ከሱ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያልተፈረደበት ሰው ቅጣቱን አስቀድሞ መጀመር የለበትም።

ዝርዝሩ ያለው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው። ይሄ ሕግ የጃንሆይ ዘመን ሕግ ሆኖ ደርግንም ኢሕአዴግንም ተሻግሯል። ብዙዎቻችን የማናውቀው አንቀጽ 28ን ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ፖሊስ ራሱ ሰውን በዋስ መልቀቅ የሚችልበት አንቀጽ ነው። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ ወይም የተያዘው ሰው ስለመፈጸሙ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ፖሊስ በዋስ ወይም ያለ ዋስ አስፈርሞ ሊለቀው ይችላል። ስለዚህ አንድ ልጅ በፌስቡክ ጽሑፍ ወይም በሰፈር ጠብ ጣቢያ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ "በምን አንቀጽ ነው የተያዘው?" የሚለው ይሁን። "በምን ዘሩ ነው የተያዘው?" የሚለው እንደሚያቃጥል እናውቃለን፤ መርማሪው ፊት ግን የሚሠራው የመጀመሪያው ነው።

ፖሊስ ካልለቀቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። እዚያ መርማሪው ብዙውን ጊዜ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፤ ግን 14 ቀን ላይ 14 ቀን እየተደረበ ስንቱ ወራት እንደቆየ የአራዳ ምድብ ችሎትን ደጅ የጠና ቤተሰብ ይንገራችሁ። የዋስትና ክርክሩ የሚደረገው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ታሳሪዎች ያለ ጠበቃ ሲቀርቡ ዝም ብለው ይቆማሉ። ዝም አትበሉ። የዋስትና ጥያቄ በማንኛውም ጊዜ ማቅረብ ይቻላል፤ ማመልከቻው በጽሑፍ፣ በአመልካቹ ፊርማ፣ ከነምክንያቱና ማቅረብ ከሚችለው ዋስ ዓይነት ጋር ነው የሚቀርበው።

ዳኛው መቼ ይከለክላል? አንቀጽ 63 ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ተበዳዩ ይሞታል የሚል ስጋት ካለ ይከለክላል። አንቀጽ 67 ሌላ ሦስት ምክንያት ይጨምራል፤ ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ የሚያከብር የማይመስል ከሆነ፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ከተባለ፣ ወይም ምስክር ያባብላል ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከታሰበ። "ምስክር ሊያባብል ይችላል" የምትለዋ ሐረግ በየመዝገቡ ስትደጋገም ሰምታችኋል። መልሱ ጩኸት አይደለም። የቱ ምስክር? ቃሉን ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም? ማስረጃው ፖሊስ እጅ የገባ ስልክ ከሆነ ታሳሪው እንዴት አድርጎ ያጠፋዋል? ይሄን ተረጋግቶ የሚጠይቅ ጠበቃ ከአንድ ሺህ ፖስት በላይ ይሠራል።

በ15 ዓመቷ መስመር ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። መስመሯ የምትቆመው ሰውየው ባደረገው ላይ ሳይሆን በተጠቀሰበት አንቀጽ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውን እስር ቤት ማቆየት የፈለገ መንግሥት ማስረጃውን ማክበድ አያስፈልገውም፤ አንቀጹን ማክበድ ይበቃዋል። አንድ ግጥም ለጥፎ የተያዘ ልጅ "ሽብር" ሲባል፣ ተሰብስበው ሻይ የጠጡ ወጣቶች "ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓትን በኃይል ለመናድ" ሲባሉ ምክንያቱ ይገባችሁ። ክሱ ከዓመት በኋላ ቢፈርስ እንኳ ዓመቱ ሄዷል። ለሱ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም።

አሁን ዋስ ወደ መሆኑ። ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ በተለያየ መንገድ ይፈቅዳል። አንዳንዱ የራሱ ፊርማ ይበቃዋል። አንዳንዱ መታወቂያ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ይታዘዛል። የደመወዝ ዋስ ከተባለ ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑንም የሚናገር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ የሚያዝበትም አለ። የተለመደው ግን ጥሬ ብር ማስያዝ ነው። የገንዘቡን ልክ ዳኛው እንደፈለገ አይጥለውም፤ አንቀጽ 69 የክሱን ክብደት፣ ሰውየው የመቅረቡን ነገር፣ በሕዝብ ጸጥታ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ፣ የታሳሪውንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዘዋል። አቅም የምትለዋን ያዙ። የቀን ሠራተኛ ልጅ 50 ሺህ ብር ቢባል፣ ያ በስሙ ዋስትና በግብሩ ክልከላ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ኑሮ፣ የልጁ ገቢ፣ የሚጦራቸው ሰዎች ሁሉ ማመልከቻው ውስጥ ይጻፉ። ድህነትን ለዳኛ መናገር አያሳፍርም፤ ሕጉ ራሱ ነው የሚጠይቀው።

አሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እዚያ ሌላ ነገር ለምዳችኋል። እዚያ በብዙ ስቴቶች በዋስትና የሚነግድ ሰው አለ፤ ከገንዘቡ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ትከፍሉታላችሁ፣ እሱ ለፍርድ ቤቱ ዋስ ይሆናል፣ የከፈላችሁት 10 በመቶ ግን ነጻ ብትባሉም አይመለስም። እኛ አገር ያ ንግድ የለም። እዚህ ለፍርድ ቤት የተያዘ ብር ሰውየው በየቀጠሮው ከቀረበ መዝገቡ ሲዘጋ ይመለሳል። ይህን የምንላችሁ ከውጭ ብር ስታዋጡ እንድታውቁት ነው። ለዋስትና የተዋጣ ብር የጠፋ ብር አይደለም። አንዱ ሲመለስ ለሌላው መሆን ይችላል፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ከታወቀና ወረቀቱ ካልጠፋ። ደረሰኝ ጠፍቶ ስንት ብር መንግሥት ካዝና ውስጥ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ዋስ የሚሆን ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ይወቅ። ዋስ በሰውየው ፋንታ አይታሰርም፤ ሰውየው ቢጠፋ የፈረመበትን ገንዘብ ግን ይከፍላል፣ የተያዘው ብርም ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ሐሳቡን የቀየረ ዋስ ፍርድ ቤት ቀርቦ "ልውረድ" ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ያኔ ታሳሪው ሌላ ዋስ ያመጣል፣ ካጣ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ለራሳችን ልጆች አንድ መራራ ነገር እንናገር። በዋስ ወጥቶ የሚጠፋ አለ። "ትግል ነው" ይላል፣ ድንበር ተሻግሮ ላይቭ ይገባል፣ እኛም "ጀግና!" እንለዋለን። የፈረመችለት አስተማሪ ደመወዟ በየወሩ ሲቆረጥ ላይቭ የሚገባላት የለም። ከዚያ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ለማንም የሚፈርም ሰው አይገኝም። ቀጣዩ የኛ ልጅ ሲታሰር "ያኛው ምን እንዳደረገ አይተናል" ይባላል። መርማሪውም የአንቀጽ 67ን ክርክር በነጻ አገኘ ማለት ነው፤ "እነዚህ አይቀርቡም፣ ባለፈውም ጠፍተዋል" ይላል። የሸሸ ሁሉ ፈሪ ነው አላልንም፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሆነ የሄደ እንዳለ እናውቃለን። ግን ዋሱን ሜዳ ላይ ጥሎ የሄደን ሰው ጀግና ማለት እናቁም። ቢያንስ ዕዳውን እናዋጣለት።

መንግሥት በበኩሉ ዋስትናን የሚገድልበት መንገድ ሌላ ነው፤ ታሪኩም የቆየ ነው። ስዬ አብርሃ በ1993 በሕወሓት ክፍፍል ማግስት በሙስና ተጠርጥሮ ሲታሰር፣ ጉዳዩን ያየችው ወጣት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይፈታ አለች። ወጣ፤ ብዙም ሳይራመድ መልሰው ያዙት። በዚያው ሰሞን ሕጉ ተሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ተደረገ። ሰውየው ከእስር የወጣው በ1999 ነው።

ያኔ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እንዋሽ እንዴ? የመከላከያ ሚኒስትር የነበረ፣ የገዢው ፓርቲ ትልቅ ሰው፣ "ይቅመሳት" ተባለ። ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። ከ1997 ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች በአንድነት ታሰሩ። የተጠቀሰባቸው አንቀጽ ከባድ ስለነበረ ዋስትና አላገኙም። ከነሱ መካከል አንዷ ያቺው ዳኛ ብርቱካን ነበረች። ስዬም ከእስር ሲወጣ ውሎ አድሮ እሷ የመራችው የአንድነት ፓርቲ አባል ሆነ። ይሄ ልብ ወለድ ቢሆን "ተጋነነ" ትሉ ነበር።

ልደቱ አያሌውንም አስታውሱ። ልደቱን ብዙዎቻችሁ አትወዱትም፣ ኮሜንታችሁን እናነባለን። በ2013 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤት በ100 ሺህ ብር ዋስ ይውጣ ሲል፣ የልብ ሕመምተኛ የሆነው ሰው ፖሊስ አልለቅም ስላለ ብቻ ታስሮ ቆየ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይከበር ብሎ ተናገረ። ያን ቀን ይሄ ሁሉ ወጣት "አልወደውም፣ ግን ትእዛዙ ይከበር" ብሎ ቢጮህ ኖሮ፣ ዛሬ የኛን ልጆች "ይግባኝ ብለናል"፣ "ሌላ ዞን ይፈልገዋል"፣ "ከበላይ አካል ትእዛዝ አልመጣም" እያሉ ሲያቆዩብን የምንጠቅሰው ነገር ይኖረን ነበር። ዋስትና ለምንወደው ብቻ ሲሆን መብት መሆኑ ይቀርና ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው የሚሰጠውና የሚነሳው ነገር ነው።

"ይግባኝ ብለናል" ሲሏችሁ ደግሞ ሕጉን አንብቡላቸው። አንቀጽ 75 ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተከለከለው ሰው ነው። ፖሊስ "ይግባኝ እላለሁ" ስላለ ብቻ የዳኛ ትእዛዝ አይቆምም፤ ለማቆም የበላይ ፍርድ ቤት እግድ ያስፈልጋል፣ እግድ ደግሞ ወረቀት ነው። ወረቀቱን አሳዩን በሉ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይናጋል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በታወጀው ጊዜ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሰው ዳኛ ሳያይ ለወራት በካምፕና በትምህርት ቤት ቆየ። ዋስትና የሚጠየቀው ዳኛ ፊት ስትቆም ነው፤ ካልቆምክ ማን ይጠይቅልሃል? ለዚያ ጊዜ የሚሆነው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ "ይሄን ሰው አቅርቡት፣ በምን ሥልጣን እንደያዛችሁትም ንገሩን" የሚል። ሁሌ አይሳካም። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ግን ከጠፋ ስም ይሻላል፤ ቢያንስ "እኛ ጋ የለም" እንዳይሉ።

ስለዚህ ከዚህ ገጽ የምንጠብቀው ይህ ነው። በየከተማው፣ በየክፍለ ከተማው ያላችሁ አስተባባሪዎች፣ ደመወዝ ያላቸውና ለመፈረም ፈቃደኛ የሆኑ አምስት አምስት ሰዎችን አሁን ለዩ፤ ልጅ ከታሰረ በኋላ አይሁን። መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። ስማቸው እዚህ ገጽ ላይ በፍጹም አይለጠፍ፤ ኮሜንት ላይም አትጻፉ፣ ለሚያሳድዳቸው ሰው ዝርዝር ማዘጋጀት እንዳይሆን። መታወቂያቸው ያልታደሰ ካለ ያሳድሱ፤ ጊዜው ባለፈ መታወቂያ ስንት ሰው ከሬጅስትራር መስኮት ተመልሷል። አንድ ሰው ሲያዝ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ 48 ሰዓቱ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። የትኛው ጣቢያ እንዳለ፣ የመርማሪውን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ዋስትና ሲፈቀድ የትእዛዙን ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጡ፤ አንዱ ለጣቢያው፣ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለጠበቃው። የመፍቻ ትእዛዙን ለጣቢያው ስትሰጡ የተቀበለው ሰው በግልባጩ ላይ እንዲፈርም ጠይቁ። አልፈርምም ካለ ሰዓቱን ጽፋችሁ በማግስቱ ወደዚያው ችሎት ተመለሱ፤ ትእዛዙ እንዳልተፈጸመ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠራ። ዳኛው አንድ ጊዜ ሲጠራው ላይመጣ ይችላል። ሁለተኛም አመልክቱ።

መዝገቡ ሲዘጋ ደግሞ ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱና ብሩን አስመልሱ። ሌላ ልጅ እየጠበቀው ነው።